ማን አነጋገረዎት?

ስብሰባ ባለበት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም። ሁሉም ቦርሳውን ዘግቶ፣ ግማሹ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ነገር ከሌለ» ማለት ሲጀምሩ፣ ልክ ያኔ እጁን የሚያወጣ ሰው። «አንዲት ነገር ብቻ» ይላል። አንዲቷ ነገር አርባ ደቂቃ ትፈጃለች። እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ ረጋ ብላችሁ አስቡ፤ ምናልባት ሰውየው እናንተው ራሳችሁ ትሆናላችሁ።

የእኛዋ እትዬ መዝገብ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ፊት ለፊት ግን ማን ወንድ ነው የሚላቸው! ፊታቸው ላይ «ክብርት ጸሐፊያችን» እንላለን። እሳቸውም ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው ያዩንና «ይሄ ማክበር ነው ማሾፍ? እንዴት ብዬ ልመዝግበው?» ይሉናል።

እኔ በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። መምህራኑ መርጠውኝ የኮሌጁ ቦርድ ውስጥ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ቦርዱ ሰባት አባላት አሉት። እትዬ መዝገብ ከሰባቱ ውስጥ የሉበትም፤ ጸሐፊ ናቸው፣ ድምፅ እንኳን የላቸውም። ሰባታችንን በአንድ እግራችን የሚያቆሙን ግን እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከደንቡ ነው። የኮሌጁ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ «የቦርድ አባል በኮሌጁ ጉዳይ ከማንኛውም የውጭ አካል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይወስናል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሌለበት ደንብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሁላችንም አንብበናት፣ ጥሩ ናት ብለን አልፈናታል። እትዬ መዝገብ ግን እዚያችው ላይ ቆሙና «ነጻ መሆናችንን በምን እናውቃለን?» ብለው ጠየቁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ፣ ማስመሪያና ሁለት እስክሪብቶ ይዘው ከች አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስብሰባችን የሚከፈተው በአንድ ጥያቄ ነው። «ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ በኮሌጁ ጉዳይ ማን አነጋገረዎት?» ከሰብሳቢው ጀምረው ዙሪያውን ይጠይቃሉ። ያነጋገረን ሰው ካለ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳገኘን፣ ምን እንዳለን እንናገራለን፤ እሳቸው ይጽፉና ጮክ ብለው ያነባሉ። ከሌለ «የለም» እንላለን። መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ያነባሉ። ይህ ሳይሆን አጀንዳ ብሎ ነገር የለም።

መጀመሪያ ሰሞን ሳቅ በሳቅ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ፋርማሲ ያለው ሰው ነው፤ ነገር ማሳመር ይወዳል። «አንድ ደንበኛ የሳል ሽሮፕ ሲገዛ የኮሌጃችሁ አጥር ቀለሙ ለቋል ብሎኛል» አለ፣ ለቀልድ። እትዬ አልሳቁም። «የሳል ሽሮፕ ገዢ፣ ፋርማሲ ውስጥ፣ ስለ አጥር ቀለም» ብለው ጻፉና ቀና አሉ። «ደረቅ ሳል ነው ወይስ አክታ ያለው?» ሲሉ እኛ ተንከተከትን። ለካስ ሰውየውን ከሌላ ደንበኛ ለመለየት ነው የጠየቁት።

እኔም ምላሴ አላርፍ ብሎኝ፣ ባለቤቴ እራት ላይ የኮሌጁ ዘበኛ ሰላምታ አያውቅም እንዳለችኝ ተናገርኩ። «የመምህሩ ባለቤት፣ እራት ላይ፣ ስለ ዘበኛው ጠባይ» ተብሎ ተጻፈ። ወሬ መቼ ተደብቆ ይቀራል፣ ሳምንት ሳይሞላ እቤቴ ደረሰ። ባለቤቴ ኮሌጁ በር ላይ እትዬን ጠብቃ ያዘቻቸው።

«እትዬ፣ በገዛ ባሌ ላይ እኔ የውጭ አካል ተባልኩ?»

«ቦርዱ ውስጥ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ውጭ ነሻ! ምኑ ነው የሚያናድድሽ?»

ከዚያን ዕለት ወዲህ ባለቤቴ ማዕድ ላይ ወሬ ልትጀምር ስትል እጇን ታነሳና «ይሄ የሚመዘገብ ነው የማይመዘገብ?» ትለኛለች። የማይመዘገብ ነው ካልኳት በኋላ ነው ወሬው የሚወጣው። እንዲህ ተዋርደን ነው የምንኖረው።

የዝናቡ ታሪክማ ሰፈር ያወቀው ነው። አንድ ቀን ዶፍ ይወርዳል፤ እትዬ ጃንጥላ አልያዙም። ለኮሌጁ አሸዋና ጠጠር የሚያቀርብ ነጋዴ መኪናውን አቁሞ «ይግቡ እንጂ እናቴ፣ ላድርስዎት» ይላቸዋል። «ጨረታ አላችሁ፣ አልገባም» ብለው በዚያ ዝናብ እየተራመዱ መጡ። ስብሰባ ክፍላችን ድሮ የመጻሕፍት ማከማቻ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛውን የሠሩት የእኔ ተማሪዎች ናቸው፣ አንድ እግሩ አጠር ስላለ ወረቀት ታጥፎ ተደርጎለታል። እትዬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ውሃ እያንጠባጠቡ ተቀመጡና «የጠጠር አቅራቢ፣ መንገድ ላይ፣ ሊያሳፍራት ጠየቀ። ጸሐፊዋ አልተሳፈረችም» ብለው አነበቡ። አስነጠሱ። ማስነጠሱ አልተመዘገበም።

እኔ ለስድስት ዓመት ሳሾፍባቸው ኖሬአለሁ። እንደ እሳቸው ሆኜ እየተራመድኩ፣ በእሳቸው ድምፅ እየተናገርኩ መምህራኑን ስንቴ አስቄአለሁ መሰላችሁ። ሴትየዋ ደረቅ ናቸው፣ ችክ ያሉ ናቸው፣ ኮሌጅን ያህል ነገር በሳል ሽሮፕ ያደክሙታል እል ነበር። እግዜር የአፌን አላሳጣኝም።

የኮሌጁ ዲን የሥራ ዘመናቸው አለቀና አዲስ መምረጥ የቦርዱ ተራ ሆነ። ሦስት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። ፈተናቸውን ያረመው ኮሚቴ ነጥባቸውን በታሸገ ፖስታ አድርጎ ለእትዬ አስረከበ፤ ፖስታው የሚከፈተው ስብሰባ ላይ ነው። ሦስተኛው ተወዳዳሪ ታዲያ የባለ ፎቁን የእህት ልጅ ያገባ ሰው ነበር። ባለ ፎቁ የምንለው የከተማችንን ረጅሙን ሕንፃ ያሠራውን ሀብታም ነው። ሰውየው ክፉ አይናገርም፣ አይቆጣም፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመኪናው ወርዶ ነው ሰላም የሚለው። ያንን ዓይነት ሰው እምቢ ለማለት ደግሞ ከባድ ነው።

እኔ ዘንድ የደወለው ወርክሾፕ ውስጥ ተንበርክኬ ከመሰንጠቂያ ማሽናችን ጥርስ ውስጥ ስንጣሪ እየለቀምኩ ሳለ ነው።

«መምህር፣ ያቺ ማሽናችሁ ዛሬም ታስቸግራለች?» አለኝ።

በምን አወቀ? ያቺ ማሽን የእኔ ቁስል ናት። ከእኔ በፊት ኮሌጁ የገባች ናት፤ እንጨቱን ግማሽ ድረስ ትሄድበትና ነክሳ ትቀራለች። አርባ ተማሪ ለእሷ ይሰለፋል። ግማሾቹ አንድ ሳንቃ በወጉ ሳይሰነጥቁ ተመርቀው ይሄዳሉ፣ እኔም ዲፕሎማቸውን ሲቀበሉ እያየሁ አፍራለሁ።

«አዲስ ማሽን አለኝ፣ ገና ከነማሸጊያው። ለልጆቹ ነው፣ ለአንተ አይደለም፤ አንተ ለራስህ እንደማትጠይቅ አውቃለሁ» አለ። ቀጥሎ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ ነገረኝ። «ብቻ አስብበት። ይሄ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር።»

አልዋሻችሁም፣ አሰብኩበት። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ለራሴ ምንም አልወሰድኩ፣ ለልጆቹ ነው፣ ሰውየውስ ቢሆን ምን ጎደለው እያልኩ ራሴን በራሴ ሳሳምን ከረምኩ። ለባለቤቴ እንኳን አልነገርኳትም፤ የሚመዘገብ ነው የማይመዘገብ ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈራኋት።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። እትዬ መዝገቡን ከፈቱ፣ በማስመሪያ አሰመሩ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው።

«ሰብሳቢያችን፣ ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ በኮሌጁ ጉዳይ ማን አነጋገረዎት?»

«የለም» አሉ ዳኛው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

ባለ ፋርማሲው «የለም» አለ። ጋራዥ ያለው አባላችን ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እያቅጨለጨለ «የለም» አለ። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። «የለም» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ፤ ዓይኔን ከጠረጴዛው አጭር እግር ላይ አላነሳሁም። ሰባት ጊዜ «የለም» ተባለ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ሌላው ቢቀር ስለ አጥሩ ቀለም የሚናገር ሰው አይጠፋም ነበር።

እትዬ ሰባቱንም «የለም» በየመስመሩ ጻፉ። አላዩንም። «የቀረው የጸሐፊዋ ነው» አሉና እየጻፉ ማንበብ ጀመሩ።

«ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እቤቷ። የጸሐፊዋ ታላቅ ወንድም፣ ልብስ ሰፊ፣ በባለ ፎቁ ሕንፃ ምድር ቤት ሱቅ የተከራየ። የሱቅ ውሉ የሚታደሰው፣ ጸሐፊዋ የነጥቡን ፖስታ ከስብሰባው በፊት ለባለ ፎቁ ካሳየች ብቻ እንደሆነ ተነግሮት፣ ይህንኑ ለመነ። ጸሐፊዋ አልተቀበለችም። ወንድሟ ተቆጥቶ ወጣ።»

እሳቸው ያወጡት ሕግ አለ፤ የሚያነጋግረን ዘመድ ከሆነ ዝምድናው በትክክል ይጻፋል። «ዝምድና» አሉ፣ «ያሳደጋት።» ድምፃቸው ንቅንቅ አላለም። እስክሪብቷቸው ግን ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቀለሙ እየሰፋ አንዲት ክብ ነጥብ ሲሠራ አየሁ። ወላጆቻቸው ሞተው ያ ወንድማቸው ነው ከማሽኑ ሳይነሳ ልብስ እየሰፋ ያስተማራቸው፤ የማያውቅ የለም። ከዚያ እስክሪብቶው ተንቀሳቀሰ።

«ሲወጣ እንዲህ አለ» ብለው ጨረሱ፣ «ይሄ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።»

ያቺን ቃል አወቅኳት። ቀና ስል ባለ ፋርማሲው እያየኝ ነው፤ እሱም አውቋታል። ባለ ጋራዡም የቁልፉን ጨዋታ ትቷል። እኔ በበኩሌ እዚያው ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ድምፅ እንኳን የሌላቸው ሴት ያሳደጋቸውን ወንድም መዝገብ ላይ ሲያወጡ፣ እኔ ለአንዲት ማሽን ብዬ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ!

እጄን አወጣሁ። «እትዬ፣ የእኔ ‹የለም› ይሰረዝልኝ።»

«አይሰረዝም» አሉ ወዲያው። «ቃለ ጉባኤ ላይ ስርዝ ድልዝ የለም። ከሥሩ ማረሚያ ይጻፋል። ይናገሩ።»

ተናገርኩ። ማሽኗን፣ ስልኩን፣ ሦስቱን ቀን፣ ሁሉንም። ገና ሳልጨርስ ባለ ፋርማሲው «እኔንም ያርሙልኝ» አለ፤ ለእሱ የሕንፃው ማዕዘን ላይ ያለችው ሱቅ ነበረች። ለባለ ጋራዡ የባለ ፎቁ የጭነት መኪናዎች ጥገና። አንዲቱ አባል ለወንድሟ ልጅ ሥራ። ሁላችንም በዚያችው ቃል ነበር የተሰናበትነው፤ ሁላችንም ደግሞ የተደወለልን ለብቻችን መስሎን ነበር። የሰውየው ጉልበት ለካ እዚያ ላይ ኖሯል!

በመጨረሻ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እኔ ችሎት ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጬ ስንቱን ምስክር እውነቱን ተናገር ብዬ አስምያለሁ» አሉ። «የእኔንም ይጻፉት። እቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር።»

«ስንት ሆንን?» አለ ባለ ጋራዡ።

«አምስት አባላት፣ አንድ ጸሐፊ» አሉ እትዬ፣ ቆጥረው። ያልተደወለላቸው ሁለቱ አባላት የተናቁ መስሏቸው እስከ ስብሰባው መጨረሻ አኩርፈው ተቀመጡ።

ፖስታው እፊታችን ተከፈተ። ከሦስቱ ብልጫ ያገኘችው የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊዋ ነበረች። ተከራከርን፣ ጮኽን፣ ድምፅ ሰጠን፤ አምስት ለሁለት እሷ ተመረጠች። ያ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ሁለተኛ ወጣ፤ ነጥቡ ግሩም ነበር፣ ዝም ብለው ቢተዉት ኖሮ ማን ያውቃል። በማግስቱ እትዬ ዘንድ ሄዶ «እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም፣ ይመዝገብልኝ» አለ። ተመዘገበለት።

ከዚያን ቀን ስብሰባ ስወጣ እንደተሰማኝ ያለ ኩራት ዲፕሎማዬን ስቀበልም አልተሰማኝም። ሰባት ተራ ሰዎች ነን፤ አንድም ባለ ሥልጣን፣ አንድም ባለ ገንዘብ የለብንም። ግን ያንን ዲን የመረጥነው እኛ ነን። ሌላ ሰው እጃችንን ይዞ አላስመረጠንም፣ ይህን ደፍሬ የትም እናገራለሁ።

አዲሱ ማሽን እርግጥ አልመጣም። አሮጌዋ ዛሬም ትነክሳለች። ስትነክስ ግን እንደ ድሮው አልናደድባትም፤ ተንበርክኬ ስንጣሪዋን እየለቀምኩ ለተማሪዎቼ ለምን አዲስ ማሽን እንደሌለን እነግራቸዋለሁ። የማሽኗን ጥርስ መሳል ከእኔ በላይ የሚችሉ ልጆች ወጥተዋል።

የከበደው የእትዬ ወንድም ነገር ነው። የሱቁ ውል አልታደሰም። ወሩ ሳያልቅ ማሽኑን ጭኖ ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ገባ። እህቱን ማነጋገር ተወ። እትዬ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላሉም፤ ስብሰባ ይመጣሉ፣ ያሰምራሉ፣ ይጠይቃሉ። ብቻ የራሳቸው ተራ ሲደርስ «የለም» የሚሉት ቀስ ብለው ሆነ። አንጀቴን በሉት።

አንድ ቀን ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪዬን ይዤ ወንድማቸው ዘንድ ሄድኩ። ደንበኛ መሰልኩ እንጂ የሄድኩት ለሱሪው አልነበረም። ማንነቴን ሲያውቅ ፊቱን አጠቆረ።

«ስለ እሷ ከሆነ አላወራም» አለኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎትና ልሂድ። ያን ቀን ስለ እርስዎ ሲጽፉ ‹ያሳደጋት› የምትለዋ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ።»

የልብስ ስፌቱን መርገጫ ትቶ ቀና አለ። «ቆመ?»

«ቆመ። እዚያች ቦታ ላይ ቀለሙ ፈስሶ ነጥብ ሠርቷል፣ መዝገቡ ላይ ዛሬም አለ።»

ሱሪዬን ሰፋልኝ፤ ጉልበቱ የት ጋ እንደተቀደደ እኔው ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

ባለፈው ስብሰባ ቀን፣ ገና ከመግባታችን በፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነበር። እትዬ መዝገባቸውን በደረታቸው አቅፈው ሲመጡ ወንድማቸው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የልክ መውሰጃው ሜትር ከአንገቱ አልወረደም፣ ሥራውን አቋርጦ እንደመጣ ያስታውቃል። እትዬ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ፣ እመኑኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳን መነጽራቸውን አስተካክለው ጠየቁት።

«ጋሼ፣ በኮሌጁ ጉዳይ ነው?»

«አይደለም» አለ።

«በምን ጉዳይ ነው?»

ሰውየው ጫማውን አየ። «ናፈቅሽኝ» አለ።

እትዬ መዝገቡን አዩት፣ ወንድማቸውን አዩት። ከዚያ በስድስት ዓመት አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረጉ፤ መዝገቡን ከደረታቸው አላቅቀው እኔን አስያዙኝ። «እንግዲያው ይሄ አይመዘገብም» አሉና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

ስብሰባው ሃያ ደቂቃ ዘገየ፤ ማንም ሰዓቱን አላየም። ዙሪያውን ተጠየቅን፣ የእሳቸው ተራ ደረሰ፣ ዓይናቸው ቀልቶ «የለም» ብለው አነበቡ። እውነታቸውን ነው፤ ኮሌጁን የሚመለከት አልነበረም። ግን እንዲህ ያለ ነገር የትም ሳይጻፍ መቅረቱ አንገበገበኝ፤ ስለዚህ እትዬ ይቅር ይበሉኝና፣ እኔ እዚህ መዝግቤላቸዋለሁ።